ተገጣጣሚ የግድግዳ ልባስና የነባር ቤቶች እድሳት፤ የኔዘርላንድ ልምድና ለሙያ ትምህርት ያለው ትርጉም

መግቢያ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የምዕራብ አውሮፓን መንግሥታት ካስጨነቋቸው ችግሮች አንዱ የመኖሪያ ቤት እጥረት ነበር። በኔዘርላንድ እጥረቱ እጅግ ከመበርታቱ የተነሣ «ቁጥር አንድ የሕዝብ ጠላት» የሚል ስያሜ ተሰጥቶት ነበር። ችግሩን ለማቃለል ሲባል በ1950ዎቹ፣ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ዓመታት እጅግ ብዙ ቤቶች በፍጥነት ታነጹ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከነዚህም ብዙዎቹ በረድፍ ተያይዘው የቆሙ፣ በስፋትም በመልክም እርስ በርሳቸው የሚመሳሰሉ ባለ አንድ ፎቅ ቤቶች ናቸው። ግድግዳቸው በመካከሉ ጥቂት ክፍተት በተተወለት ሁለት ረድፍ ጡብ የተገነባ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ሙቀትን የሚከላከል ነገር አልገባበትም፤ ከገባበትም እጅግ ጥቂት ነው።

በ1959 በአገሪቱ ሰሜናዊ ክፍል፣ በግሮኒንገን ክፍለ ሀገር በስሎክተረን አጠገብ ታላቅ የተፈጥሮ ጋዝ ክምችት መገኘቱ ደግሞ ስለ ግድግዳው የሚጨነቅ ሰው እንዳይኖር አደረገ። በ1960ዎቹ ማብቂያ ላይ የጋዝ ቧንቧ ወደ አብዛኛው የአገሪቱ ቤት ገብቶ ነበር። ነዳጅ ርካሽ በሆነበት አገር ሙቀት የሚያፈስ ግድግዳ እንደ ጉድለት ሳይቆጠር ይኖራል።

ይሁን እንጂ ይህ ሁኔታ አልዘለቀም። በ1973 የነዳጅ ዘይት ዋጋ በድንገት ማሻቀቡ ለአውሮፓ አገሮች የመጀመሪያውን ማስጠንቀቂያ ሰጠ። ከዚያም በግሮኒንገን ጋዙ ከምድር በወጣ መጠን መሬቱ እየሰጠመና እየተንቀጠቀጠ ሄደ። በነሐሴ ወር 2012 በሆይዚንገ መንደር የደረሰው፣ በመለኪያው 3.6 የተመዘገበው የመሬት መንቀጥቀጥ የአካባቢውን ሕዝብ ክፉኛ አስደነገጠ፤ በቤቶችም ላይ ጉዳት አደረሰ። መንግሥት ምርቱን ደረጃ በደረጃ እየቀነሰ ቆይቶ በጥቅምት 1 ቀን 2023 መደበኛውን የጋዝ ማውጣት ሥራ አቆመ። ጋዙ ቆመ፤ በጋዙ ተማምነው የተሠሩት ቤቶች ግን በቦታቸው አሉ፤ በውስጣቸውም ሰው ይኖራል።

እንግዲህ የተነሣው ጥያቄ የሚከተለው ነው፤ ሰው የሚኖርበትን አሮጌ ቤት፣ ነዋሪውን ሳያስለቅቁና ግድግዳውን ሳያፈርሱ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ እጅግ አነስተኛ ኃይል የሚበቃው ቤት ማድረግ ይቻላልን? ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች አንዱ በፋብሪካ ተዘጋጅቶ በአሮጌው ግድግዳ ላይ የሚገጠም ልባስ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የልባሱን አሠራር ማስረዳት፣ የተገኘውን ውጤትና የታየውን እንቅፋት መግለጽ፣ በመጨረሻም ከዚህ ልምድ የሙያ ትምህርት ሊቀስመው የሚገባውን ነጥብ ማመልከት ነው።

ሙቀት ከቤት የሚወጣባቸው መንገዶች

ስለ ሙቀት ጥበቃ ለማስረዳት ጋቢ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ጋቢ የራሱ ሙቀት የለውም። የሚያደርገው ነገር ቢኖር የለበሰው ሰው ገላ ያመነጨው ሙቀት ቶሎ እንዳይባክን ማድረግ ነው። ይህንንም ተግባር በዋነኛነት የሚፈጽመው ክሩ ሳይሆን በክሩና በድርቡ መካከል ተይዞ የቆመው አየር ነው። ለሕንፃ ሥራ የሚውሉት የድንጋይ ሱፍ፣ የመስታወት ሱፍና የመሳሰሉት ሙቀት ከልካዮች የሚሠሩት በዚሁ ሕግ ነው። በውስጣቸው ያለው አየር መንቀሳቀስ ስለማይችል ሙቀቱን ይዞ መጓዝ አይችልም።

አንድ ግድግዳ ምን ያህል ሙቀት እንደሚያሳልፍ መሐንዲሶች በቁጥር ይገልጻሉ። በውስጥና በውጭ መካከል ያለው ልዩነት 1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ በ1 ካሬ ሜትር ግድግዳ በኩል የሚያልፈው ሙቀት በዋት ተለክቶ የግድግዳው የሙቀት ማሳለፍ መጠን ይባላል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ግድግዳው የተሻለ ይሆናል። ሙቀት ከልካይ ያልገባበት ባለ ክፍተት የጡብ ግድግዳ ይህ መጠን 1.6 ገደማ ሊሆን ይችላል።

ለምሳሌ ያህል የውጭ ግድግዳው ስፋት 60 ካሬ ሜትር የሆነ ቤት ይወሰድ። በውጭ 0 ዲግሪ፣ በውስጥ 20 ዲግሪ ቢሆን በግድግዳው ብቻ የሚባክነው ሙቀት 60 ጊዜ 1.6 ጊዜ 20፣ ማለትም 1,920 ዋት ነው። ይህ በአንድ ቀንና ሌሊት ሲታሰብ ወደ 46 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። በዚሁ ግድግዳ ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የድንጋይ ሱፍ ቢደረብበት፣ የማዕቀፉን እንጨት ከሒሳብ ሳያስገቡ፣ የማሳለፍ መጠኑ ወደ 0.16 ይወርዳል። በዚህ ጊዜ የሚባክነው ሙቀት ከ200 ዋት አይበልጥም፤ በቀንና በሌሊትም ከ5 ኪሎዋት ሰዓት ያነሰ ነው። ጡቡ አልተነካም፤ የሙቀቱ ብክነት ግን ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ።

ይሁንና ግድግዳ ብቻውን መላውን ችግር አያስወግድም። ሙቀት በመስኮት ያልፋል፤ በበርና በመስኮት ዙሪያ ባሉ ስንጥቆች ከአየር ጋር ይወጣል። ከዚህም በላይ የሙቀት ድልድይ የሚባል ነገር አለ። ከክፍሉ ወለል ተነሥቶ ግድግዳውን አቋርጦ ወደ ውጭ የሚዘልቅ የሲሚንቶ በረንዳ ለዚህ ምሳሌ ነው። ሙቀቱ በግድግዳው ማለፍ ቢሳነው በዚህ ድልድይ ይሻገራል። ድልድዩ ባለበት ቦታ የውስጡ ገጽ ስለሚቀዘቅዝ፣ ከትንፋሽ፣ ከማብሰያና ከመታጠቢያ የሚነሣው እንፋሎት በዚያ ላይ እንደ ጤዛ ያርፋል። ከጤዛውም ሻጋታ ይበቅላል፤ ሻጋታውም ለነዋሪው፣ በተለይም ለሕፃናት መተንፈሻ አካል ጠንቅ ነው።

ልባሱ በውስጥ ሳይሆን በውጭ በኩል እንዲሆን የተመረጠበት ምክንያት ከዚህ ይገኛል። በውስጥ የሚደረግ ልባስ ክፍሉን ያጠባል፤ አሮጌውንም ግድግዳ ለብርድ አጋልጦ ይተዋል፤ ነዋሪውንም ለሥራው ሲባል ዕቃውን እንዲያወጣ ያስገድዳል። በውጭ የሚደረገው ግን አሮጌውን ግድግዳ ራሱን ያሞቀዋል፤ ብዙውንም የሙቀት ድልድይ ይሸፍናል።

የልባሱ አዘገጃጀትና አገጣጠም

በተለመደው የእድሳት ዘዴ መወጣጫ ይቆማል፤ ሙቀት ከልካዩ ቁራጭ በቁራጭ ይለጠፋል፤ ከዚያ ይለሰናል፤ መስኮቶቹም አንድ በአንድ ይለወጣሉ። ሥራው ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። ዝናብና ውርጭ ያስተጓጉሉታል። የሥራው ጥራትም በየዕለቱ በቦታው በተገኘው ሠራተኛ ትጋት ላይ የተመሠረተ ነው። የተገጣጣሚው ዘዴ ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦ፣ አብዛኛውን ሥራ ወደ ፋብሪካ ወስዶ፣ በቦታው የሚቀረውን ወደ ማንሣትና መግጠም ብቻ ያወርደዋል።

የመጀመሪያው ደረጃ ልኬት ነው። አሮጌ ቤት በወረቀት ላይ ያለውን ንድፍ አይመስልም። ግድግዳው በጊዜ ብዛት ሊያዘነብል ወይም ሊያብጥ ይችላል፤ መስኮቶቹም በአንድ መስመር ላይ ላይገኙ ይችላሉ። በፋብሪካ የሚሠራው ፓኔል ግን በሚሊ ሜትር የተወሰነ ነው። ስለዚህ በሌዘር የሚሠራ መለኪያ ከቤቱ ፊት ቆሞ እጅግ ብዙ ነጥቦችን ይመዘግባል፤ ከነጥቦቹም የቤቱ እውነተኛ ቅርጽ በኮምፒዩተር ይነደፋል። በዚህ ደረጃ የተፈጸመ ስሕተት የሚታወቀው ፓኔሉ በክሬን ተንጠልጥሎ ከግድግዳው ጋር አልገጥም ባለ ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ደረጃ የፋብሪካ ሥራ ነው። የተለመደው ፓኔል ከእንጨት የተሠራ ማዕቀፍ ሲሆን ውስጡ በሙቀት ከልካይ ይሞላል። ወደ አሮጌው ግድግዳ በሚዞረው ገጹ ላይ ለስላሳ ንጣፍ ይደረግበታል፤ ይህም የግድግዳውን ወጣ ገባነት ተቀብሎ በመሐል አየር እንዳይመላለስ ያግዳል። በውጭ ገጹ ላይ ዝናብ የሚመልስ ሽፋን፣ ማለትም ስስ ጡብ፣ ሳንቃ ወይም ልስን ይደረጋል። መስኮቱና በሩ ከነመስታወታቸው በፋብሪካው ውስጥ ይገጠማሉ።

ሦስተኛው ደረጃ መግጠም ነው። አሮጌዎቹ መስኮቶች ይነሣሉ፤ ፓኔሉ በክሬን ተነሥቶ አስቀድሞ በግድግዳው ወይም በመሠረቱ ላይ በተተከሉት የብረት መያዣዎች ላይ ያርፋል። የአንድ ቤት የፊትና የኋላ ገጽ በአንድ ቀን ሊሸፈን ይችላል። በኔዘርላንድ በተለመደው አሠራር ከዚህ ጋር ጣሪያው የፀሐይ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ በሚለውጡ ሰሌዳዎች ይሸፈናል። የጋዝ ማሞቂያው ወጥቶ በምትኩ የሙቀት ፓምፕ፣ የሙቅ ውሃ በርሜልና አየር ማናፈሻ መሣሪያ በአንድነት የተደራጁበት ሣጥን ይተከላል። የሙቀት ፓምፕ ከውጭው አየር ወይም ከመሬት ውስጥ ሙቀት ስቦ ወደ ቤት የሚያስገባ መሣሪያ ነው፤ ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ይልቅ የሚያስገባው ሙቀት በእጥፍና ከዚያም በላይ ይበልጣል። በተሳካላቸው ሥራዎች ላይ ይህ ሁሉ በአንድ ቤት ላይ ከሳምንት እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ተፈጽሟል።

አየር ማናፈሻው እንደ ተጨማሪ ምቾት የሚታይ አይደለም። ቤቱ ስንጥቁ ሁሉ ተደፍኖ በታሸገ ጊዜ ቀድሞ በስንጥቁ ይገባ የነበረው አየር ይቋረጣል። አየሩን በመሣሪያ መለወጥ ካልተቻለ እንፋሎቱ በውስጥ ይቀራል፤ ለማስወገድ የታሰበው ሻጋታም ተመልሶ ይመጣል።

ይህ ዘዴ በኔዘርላንድ ብቻ የተወሰነ አይደለም። በኦስትሪያ በግራዝ ከተማ፣ ዲዝልቬግ በተባለው ሰፈር የሚገኙ 204 መኖሪያ ቤቶች ከ2008 እስከ 2010 ባለው ጊዜ ውስጥ በትላልቅ ተገጣጣሚ ፓኔሎች ተሸፍነዋል። በዚያም ሥራ ነዋሪዎቹ ቤታቸውን አልለቀቁም።

የገንዘቡ ምንጭና የተገባው ዋስትና

የአሠራሩ ብልሃት ቢታወቅም ወጪውን ማን ይሸፍን የሚለው ጥያቄ ይቀራል። በኔዘርላንድ ከተሠሩት ከነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ የግለሰብ ሀብት ሳይሆኑ ለትርፍ ያልተቋቋሙ አከራይ ማኅበራት ንብረት ናቸው። ነዋሪው የቤት ኪራይ ለማኅበሩ፣ የጋዝና የመብራት ሒሳብ ደግሞ ለኃይል አቅራቢው ይከፍላል። በመሆኑም ማኅበሩ ገንዘቡን አውጥቶ ቤቱን ቢያድስ የሚጠቀመው ነዋሪው ነው፤ ማኅበሩ ያወጣውን መልሶ የሚያገኝበት መንገድ የለም። ወጪ የሚያደርገውና ተጠቃሚው መለያየታቸው በብዙ አገሮች የእድሳት ሥራን ያሰናከለ ጉዳይ ነው።

በ2010 በመንግሥት ገንዘብ የተጀመረው ኤኔርጂስፕሮንግ የተባለው ፕሮግራም ለዚህ ያቀረበው መፍትሔ ቀላል ነበር። ቤቱ ከታደሰ በኋላ በዓመት ውስጥ ከሰሌዳዎቹ የሚያመነጨው ኃይል ለማሞቂያ፣ ለሙቅ ውሃና ለተለመደው የቤት አገልግሎት ከሚያስፈልገው ጋር ይተካከላል። ሥራው በአገሪቱ ቋንቋ «በቆጣሪው ላይ ዜሮ» የሚል ትርጉም ባለው ስም ይታወቃል። ነዋሪው ቀድሞ ለኃይል ይከፍል የነበረውን ያህል ገንዘብ ለአከራዩ ማኅበር ይከፍላል፤ ማኅበሩም በዚህ ገንዘብ የእድሳቱን ብድር ይመልሳል። የነዋሪው ጠቅላላ የወር ወጪ አይጨምርም ማለት ነው።

ይህ ስምምነት የሚቆመው ግን ቤቱ በእርግጥ የተባለውን ያህል ከሠራ ብቻ ነው። ስለዚህ ሥራ ተቋራጩ ቤቱን አስረክቦ የሚሄድ ሳይሆን ለረጅም ዓመታት የኃይል አጠቃቀሙን በዋስትና የሚይዝ እንዲሆን ተጠየቀ። ልባሱን ከተለመደ የግንባታ ዕቃ የሚለየው ዋናው ነገር ይህ ነው። በወረቀት ላይ የተሰላው ቁጥር በቆጣሪው ላይ ካልታየ ጥያቄው ወደ ሠሪው ይመለሳል። ይሁንና ዋስትናው ወሰን አለው። የክፍሉ ሙቀት፣ የሙቅ ውሃውና የመብራቱ መጠን አስቀድሞ ተወስኖ የሚጻፍ ሲሆን፣ ነዋሪው ከዚህ አልፎ ቢጠቀም ትርፉን ራሱ ይከፍላል።

በ2013 አራት ታላላቅ የሥራ ተቋራጮችና ስድስት አከራይ ማኅበራት በዚህ መንገድ በመጀመሪያ 11,000 ከዚያም 100,000፣ በጠቅላላው 111,000 ቤቶችን ለማደስ የሚያስችል ስምምነት ተፈራረሙ። አከራዩ ለዋስትናው የተለየ ክፍያ እንዲቀበል የሚፈቅደው ሕግ ግን በሥራ ላይ የዋለው ከሦስት ዓመት በኋላ በመስከረም 1 ቀን 2016 ነበር። ሕጉ በወጣ ጊዜ የክፍያው ከፍተኛ ወሰን ለአንድ ካሬ ሜትር በወር 1.40 ዩሮ ነበር። ከዚህም ሌላ 10 እና ከዚያ በላይ ቤቶች ባሉበት ሥራ ላይ ከነዋሪዎቹ 70 በመቶ የሚሆኑት ከተስማሙ እቅዱ ተገቢ እንደሆነ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ማኅበሩ ደጃፍ ለደጃፍ እየዞረ ማስረዳት ነበረበት።

ውጤቱ ምን ሆነ? በዚህ ዘዴ የታደሱት ቤቶች በሺህ የሚቆጠሩ ቢሆኑም ከተባለው 111,000 ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ ጥቂት ናቸው። ምክንያቶቹን መርምሮ መረዳት ከስኬቱ ያላነሰ ትምህርት ይሰጣል።

አንደኛ፣ ከመንገድ ሲታዩ አንድ ዓይነት የሚመስሉት ቤቶች በቅርብ ሲመረመሩ የተለያዩ ሆነው ተገኙ። አንዱ ነዋሪ ከኋላ ማድ ቤት ጨምሯል፤ የሌላው ጣሪያ ለጤና ጠንቅ የሆነው አስቤስቶስ አለበት፤ የሦስተኛው መሠረት ተጨማሪ ክብደት ለመሸከም መጠናከር ያስፈልገዋል። ፋብሪካ የሚረክሰው አንድን ነገር ደጋግሞ ሲሠራ ነው፤ እያንዳንዱ ቤት የተለየ ንድፍ ከጠየቀ ግን ጥቅሙ ይቀንሳል።

ሁለተኛ፣ አከራዮቹ ዋጋው እስኪወርድ ጠበቁ፤ ሠሪዎቹ ደግሞ ዋጋ የሚያወርደውን ፋብሪካ ለማቋቋም ትእዛዙ እስኪበዛ ጠበቁ። ዋጋው ከመጀመሪያዎቹ ናሙናዎች ይልቅ በብዙ ቢወርድም ማኅበራቱ በሰፊው እንዲያዙ የሚያደፋፍር መጠን ላይ አልደረሰም። በዚህም ላይ ከ2013 ጀምሮ በማኅበራቱ ላይ የተጣለው ልዩ ግብር ለእድሳት ይውል የነበረውን ገንዘብ ቀንሶባቸዋል፤ ግብሩ የተነሣው በ2023 ነው።

ሦስተኛ፣ ከትዕዛዙ መቆራረጥ የተነሣ በሥራው የሠለጠነ ቡድን ተጠብቆ አልቆየም። አንድ ቡድን በአንድ ሰፈር ሥራውን ተለማምዶ ሲያበቃ ቀጣይ ሥራ ካጣ ይበተናል፤ የቀሰመውም ልምድ አብሮት ይበተናል።

ይህ ሁሉ ቢሆንም አሳቡ ከአገሪቱ ድንበር ወጥቷል። በእንግሊዝ በኖቲንግሃም፣ በፈረንሳይ በሊል አጠገብ በምትገኘው በኤም፣ በጀርመንም በሃመልን ከተማ በተመሳሳይ መንገድ ጥቂት ጥቂት ቤቶች ታድሰዋል።

ስለ እሳት የተገኘ ማስጠንቀቂያ

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ሙቀትን በመቆጠብ ላይ ያተኮረ ነው። ነገር ግን በቤት ላይ የሚደረብ ማናቸውም ልባስ ከሙቀት ሌላ በእሳት ረገድም ሊመረመር ይገባዋል። ይህ ካልሆነ ምን እንደሚደርስ በለንደን የሚገኘው የግሬንፌል ሕንፃ አሳይቷል።

ግሬንፌል በ1974 የተጠናቀቀ ባለ 24 ደርብ የመኖሪያ ሕንፃ ነበር። በ2016 በተፈጸመ እድሳት የሲሚንቶው ግድግዳ በሙቀት ከልካይና በስስ የአሉሚኒየም ሰሌዳ ተሸፈነ። ሰሌዳው በሁለት የአሉሚኒየም ቅጠሎች መካከል በቀላሉ የሚቀጣጠል ፕላስቲክ የያዘ ነበር። በሰኔ 14 ቀን 2017 ሌሊት በአራተኛው ፎቅ በአንድ ቤት ማድ ቤት ውስጥ ከማቀዝቀዣ የተነሣ እሳት በመስኮቱ ዙሪያ አልፎ ልባሱን ያዘ፤ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜም በአንዱ ገጽ እስከ ሕንፃው ጫፍ ደረሰ። 72 ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ መካከል ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ሄደው በዚያ ይኖሩ የነበሩ ቤተ ሰቦች ከነልጆቻቸው ይገኙባቸዋል።

የግሬንፌል ልባስ ከኔዘርላንዱ የእንጨት ፓኔል የተለየ ዓይነት ነው፤ ሕንፃውም እጅግ የረዘመ ነው። ሆኖም የሚሰጠው ትምህርት ለሁሉም ይሠራል። ከዝናብ መላሹ ሽፋንና ከሙቀት ከልካዩ መካከል አየር እንዲመላለስ የሚተወው ክፍተት እርጥበትን ያደርቃል፤ እሳት ከያዘው ግን እንደ ጭስ ማውጫ ሆኖ ነበልባሉን ወደ ላይ ይስባል። ስለዚህ ክፍተቱ በየደርቡና በየመስኮቱ ዙሪያ እሳት በሚያግድ ነገር መከፋፈል አለበት። ደግሞም አንድ ዕቃ ለብቻው ሲፈተን ያሳየው ጠባይ ከሌሎች ጋር ሲገጣጠም ላይደገም ይችላል። መፈተን ያለበት ሰሌዳው፣ ሱፉ፣ መገጣጠሚያውና የመስኮቱ ጠርዝ በአንድነት ነው።

ስለ አደጋው የተካሄደው ይፋ ምርመራ የመጀመሪያ ዘገባውን በ2019፣ የመጨረሻውን በ2024 አቅርቧል። በዘገባው ውስጥ ከታዩት ዋና ዋና ነጥቦች አንዱ በሥራው የተሳተፉት ብዙ ወገኖች እያንዳንዳቸው ደኅንነቱን ሌላው እንዳረጋገጠ ቆጥረው መቅረታቸው ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ከ2018 ማብቂያ ጀምሮ ከ18 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው አዲስ የመኖሪያ ሕንፃዎች የውጭ ግድግዳ ላይ ተቀጣጣይ ዕቃዎችን መጠቀምን ከልክሏል።

ሁለቱ ታሪኮች እዚህ ላይ ይገናኛሉ። በኔዘርላንድ የተሞከረው ነገር አንድ ወገን ለቤቱ ጠቅላላ አሠራር ተጠያቂ እንዲሆን ማድረግ ነበር። በግሬንፌል የታየው ደግሞ ተጠያቂነት በብዙ እጅ ተከፋፍሎ በመጨረሻ የማንም ሳይሆን ሲቀር የሚደርሰው ጥፋት ነው። በሁለቱም ስፍራ በልባሱ ውስጥ የሚያድረው ነዋሪ ዕቃውን አልመረጠም፤ ሊመረምረውም አይችልም። የሚተማመነው በሠሪዎቹ ዕውቀትና ሐቀኝነት ብቻ ነው።

ለሙያ ትምህርት ያለው ትርጉም

ከላይ የተገለጸው አሠራር በግንባታ ሙያዎች መካከል የኖረውን ድንበር ይለውጣል። አናጢው፣ ግንበኛው፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛውና የቧንቧ ሠራተኛው በየተራ እየመጡ የየራሳቸውን ሠርተው ይሄዱ ነበር። በተገጣጣሚው ሥራ ግን የአንዱ ስሕተት የሌላውን ሥራ በቀጥታ ያበላሻል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሽቦ ለማሳለፍ የበሳው ቀዳዳ ካልተደፈነ የአናጢው ጥብቅ ማዕቀፍ ዋጋ ያጣል። ስለዚህ በፓኔል ሥራ የሚሰማራ ሠራተኛ የራሱን ሙያ ጠንቅቆ ከማወቅ ሌላ የቤቱን ሙቀት፣ አየር፣ እርጥበትና እሳት እንደ አንድ ነገር መመልከት ይኖርበታል። የቤቱን አየር ጥብቅነት ለማረጋገጥ በበሩ ላይ ማራገቢያ ተተክሎ በውስጥና በውጭ መካከል የ50 ፓስካል የግፊት ልዩነት እየተፈጠረ የሚደረገው ፈተና በአንድነት የመሥራትን አስፈላጊነት በግልጽ ያሳያል። ፈተናው የሚለካው የአንዱን ሠራተኛ ሥራ ሳይሆን የሁሉንም ነው።

በኢትዮጵያ ደጋማ ከተሞች ቤትን በጋዝ የማሞቅ ልማድ ስለሌለ ይህ ልባስ እንዳለ ተወስዶ የሚሠራበት ምክንያት የለም። የሙቀት ሕግ ግን በሁሉም አገር አንድ ነው። በቆላ አካባቢ በቆርቆሮ ብቻ የተከደነ የመማሪያ ክፍል በቀትር ጊዜ ምን ያህል እንደሚግል መምህራን ያውቁታል። በአውሮፓ ሙቀት እንዳይወጣ የሚደረገው ጥረት በዚህ ሙቀት እንዳይገባ ለማድረግ ይጠቅማል። በዚህ ረገድ በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶች እንዲሁም በመምህራን ማሠልጠኛዎች ውድ መሣሪያ ሳያስፈልግ ሊሠሩ የሚችሉ ሦስት መልመጃዎች ከዚህ በታች ቀርበዋል።

1. የግድግዳ ሒሳብ። ተማሪዎች የክፍላቸውን ግድግዳ ስፋትና ውፍረት ለክተው፣ ከመጽሐፍ ያገኙትን የጡብ፣ የብሎኬት ወይም የጭቃ ሙቀት አስተላላፊነት ተጠቅመው፣ በ1 ዲግሪ ልዩነት ስንት ዋት እንደሚያልፍ ያስላሉ። ቀጥለውም ግድግዳው በሣር ወይም በሱፍ ቢደረብ ቁጥሩ ምን ያህል እንደሚለወጥ ይመረምራሉ።

2. የጣሪያ ልኬት። በአንድ ዓይነት ቴርሞሜትር በቆርቆሮ ሥር፣ ኮርኒስ ባለው ክፍል ውስጥና በሣር ክዳን ሥር ያለው ሙቀት ጧት፣ ቀትርና ማታ ለአንድ ሳምንት ይመዘገባል። ከመዝገቡም ሥዕላዊ መግለጫ ይነደፋል። ተማሪው አስቀድሞ የገመተውን ቁጥር ከልኬቱ ጎን እንዲጽፍ መደረግ አለበት፤ በግምትና በልኬት መካከል ያለውን ርቀት ማየት የመልመጃው ዋና ጥቅም ነውና።

3. የግድግዳ ቅርጽ። በቱንቢ፣ በውሃ ልክና በተወጠረ ክር የአንድ አሮጌ ግድግዳ ገጽ በየ50 ሳንቲ ሜትሩ ተለክቶ ወጣ ገባነቱ በሚሊ ሜትር ይመዘገባል። ሁለት ቡድኖች አንዱ የሌላውን ሳያዩ ለክተው ውጤታቸውን ያወዳድራሉ። ልዩነት ከተገኘ ምክንያቱ እስኪታወቅ እንደገና ይለካሉ። የሌዘሩ መለኪያ የሚሠራው በረቀቀ መንገድ ቢሆንም የሚመልሰው ጥያቄ ይኸው ነው።

መደምደሚያ

ተገጣጣሚ የግድግዳ ልባስ አሮጌ ቤትን ሳያፈርሱ፣ ነዋሪውንም ሳያፈናቅሉ ለማደስ እንደሚያስችል በኔዘርላንድና በኦስትሪያ የተሠሩት ቤቶች አስረድተዋል። በአንጻሩ 111,000 ቤቶችን ለማደስ የተወጠነው እቅድ በአብዛኛው ሳይፈጸም መቅረቱ፣ ጥሩ ፓኔል መሥራት ብቻውን በቂ አለመሆኑን ያመለክታል። ሕጉ በጊዜው መውጣት፣ ትእዛዙ ሳይቆራረጥ መቀጠል፣ የሠለጠነው ሠራተኛም በሥራው ላይ መቆየት ነበረባቸው።

ለትምህርት ባለሙያዎች የሚቀረው ቁም ነገር ይህ ነው። ግድግዳን የሚያለብስ ሠራተኛ ማሠልጠን በጥቂት ወራት ሊፈጸም ይችላል። የሠራውን ለክቶ የሚያረጋግጥ፣ ልኬቱ ያሳየውን ጉድለት ሳይደብቅ የሚያስታውቅና ከሌላው ባለሙያ ጋር ተጠያቂነትን የሚካፈል ሠራተኛ ማፍራት ግን ረጅም ጊዜ የሚጠይቅ ሥራ ነው። በትምህርት ቤት ውስጥ ቱንቢ ይዞ አንድን ግድግዳ ሁለት ጊዜ መለካት የተማረ ልጅ፣ ነገ በሚሠራው ልባስ ሥር ለሚተኙት ሰዎች ደኅንነት ማሰብን በዚያው ይጀምራል።